የሥነ ሕንፃ መጻሕፍት ቤት በዶርዜ ደጅ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ የአባያን ደፍራሽ ውኃ ከበታቹ ትቶ፣ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልበትን ቆላ ተሰናብቶ፣ እንሰትና ቀርከሃ ወደ ሠለጠኑበት ብርዳም ደጋ በዘለቀ ጊዜ፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የሚሉት የዶርዜ ቤቶች ቆመው የሚያንቀላፉ ዝሆኖች ይመስሉታል። ከፊት ወጣ ብሎ የተሠራው መግቢያ እንደ ኩምቢ፣ ከበላዩ ያሉት ሁለት የጢስ መውጫዎች እንደ ዓይን ናቸው፤ የአገሩም ሰዎች ዝሆን በዚህ ምድር ይመላለስ በነበረበት ዘመን አባቶቻቸው የቤታቸውን አምሳል ከእርሱ እንደ ወሰዱ ይተርካሉ።

የሥነ ሕንፃን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ላስተዋውቅ ተነሥቼ ነገሬን ከዚህ ደጅ መጀመሬ ለጌጥ አይደለም፤ ይህ ትምህርት ከቀደመው ደረጃ በምን እንደሚለይ በአዳራሽ ከመስማት ይልቅ በአንድ የዶርዜ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ማየት ስለሚቀል ነው።

በአገራችን የሕንፃ ትምህርት በዘመናዊ መልክ ሥር የሰደደው፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተቋቋመው ኢንስቲትዩት አማካይነት ነው። ስሙ ከዘመን ዘመን ቢለዋወጥም፣ ልደታ አጠገብ ያለውን ግቢ ተማሪው ሁሉ «ሕንፃ ኮሌጅ» ማለቱን አልተወም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ይባል የነበረበትም ዘመን አለ። አርባ ምንጭም በበኩሏ በ1986 እ.ኤ.አ. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተውን ተቋም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አሳድጋ፣ ከውኃው መሐንዲስ ጎን የሥነ ሕንፃውን ተማሪ ታስተምራለች።

በአውሮፓ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የተደረገው የቦሎኛ ስምምነት ትምህርቱን በብዙ አገሮች ሦስት ዓመትና ሁለት ዓመት አድርጎ ከከፈለው ወዲህ፣ ሁለተኛውን ዲግሪ ያልያዘ ሰው አርክቴክት ለመባል አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። በእኛ ዘንድ ግን ሙያተኛውን የሚያወጣው የአምስት ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሆነ፣ ሀገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፎ፣ የሠራቸውን ንድፎች ጠርዞ፣ ዳግመኛ ለሁለት ዓመት ወደ ትምህርት የሚመለሰው ሰው እንጀራ የሚቆርስበትን ሙያ አስቀድሞ የያዘ ነው። ታዲያ ምን ፍለጋ ይመለሳል?

የአብነት ትምህርት ቤታችንን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ መልሱ ቅርብ ነው። በቅኔ ቤት ያለ ደቀ መዝሙር በየዕለቱ ከራሱ አፍልቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ መምህሩም የጎደለውን እየሞላ፣ የላላውን ሰም እያጠበቀ ያቀናለታል። ወደ መጻሕፍት ቤት የተሻገረ እንደ ሆነ ግን፣ አስቀድሞ የተጻፈውን ቃል ፊቱ አኑሮ፣ መምህሩ «አንድም» እያለ የሚያወርደውን ትርጓሜ መቀበል፣ አንዱን ንባብ በብዙ ፊት ማየት ይጀምራል። የመጀመሪያው ዲግሪ ተማሪ በስቱዲዮ ሌሊቱን ሲነጋ አድሮ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያ ይነድፋል፤ ይህ ቅኔው ነው። የሁለተኛው ዲግሪ ግን፣ ቅርስ ጥበቃም ይሁን፣ የመኖሪያ ቤት ጥናትም ይሁን፣ የከተማ ንድፍም ይሁን፣ በመጨረሻ የሚጠይቀው የቆመውን ነገር የማንበብ ብልሃት ነው። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ የአዲስ አበባን የ1886–1941 (እ.ኤ.አ.) የሕንፃ ቅርስ የሚመለከተው መጽሐፍ፣ በየቀኑ ደጁን የምናልፈው አሮጌ ቤት እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው።

እንግዲህ ተማሪያችን ሜትሩንና እርሳሱን ይዞ ዶርዜ ወጣ እንበል። የሚመለከተው ቤት የተሠራው በመሬት ላይ በተሳለ ክብ ዙሪያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ እየተተከለ፣ ቀጫጭኑ ስንጣቂ በመካከሉ አግድም እየተላለፈ፣ ወደ ላይ እየጠበበ በመሸመን ነው። ወንዶቹ ከጥንት ጀምሮ ሸማኔዎች በሆኑበት አገር፣ በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚያወጣው ያ ድርና ማግ እዚህ ቤት ሆኖ መታየቱ አያስደንቅም፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጁዲት ኦልምስቴድም በ1972 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቤት ሲጽፉ የቀርከሃ ቅርጫት ብለውታል። ከላይ የሚለብሰው የእንሰት ቅጠልና ከቀርከሃው ግንድ የሚላጠው ደረቅ ልባስ ነው፤ ከውስጥ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፣ የምድጃው ጢስም ሽመናውን እያጠቆረ ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

ተማሪው ልኬቱን ጀምሮ የቤቱን ቁመት አንዱን ሽማግሌ ቢጠይቃቸው፣ «የዛሬውን ነው፣ የተሠራ ዕለቱን?» ብለው ቢመልሱለት እውነት አላቸው። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ይደርሳል የሚባለው ይህ ቤት፣ ሥሩን ምስጥ ሲበላውና እርጥበት ሲያበሰብሰው የተበላው ክፍል ይቆረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይቆማል፤ እንዲህ እያለ ከ60 እስከ 80 ዓመት ይኖራል ይባላል። እኛ ሕንፃ ሲያረጅ ከላዩ እንጠግናለን፤ ዶርዜዎች ከሥሩ ይቀንሱለታል። ስለዚህ የቤቱ ቁመት ዕድሜው ነው፤ በመንደሩ ዞሮ የጣራዎቹን ከፍታ ያስተዋለ ሰው የትኛው ጎጆ ወጣት፣ የትኛው ባልቴት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል።

ሥዕል መሳል ለአምስት ዓመት የተማረው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ አንድ ቁመት ብቻ እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ ያን ከጻፈ ደግሞ እውነቱ ከእጁ ያመልጣል። ስለዚህ ቤቱ በየአሥር ዓመቱ እየሰጠመ የሚሄድበትን ቁርጥ በአንድ ወረቀት ላይ ደራርቦ መሳል፣ በሩ ዝቅ ሲል ደጁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ጢሱ የት እንደሚሄድ መመርመር ይገባዋል። ከዚያ «አንድም» ማለት ይጀምራል፤ አንድም ምስጥን ከማጥፋት ከምስጥ ጋር መኖርን የመረጠ ጥበብ ነው፤ አንድም ምስማር የማያሻው፣ ቁሱ ከጓሮ የሚገኝ ኢኮኖሚ ነው፤ አንድም ቀርከሃው ከተመናመነ አብሮ የሚጠፋ ዕውቀት ነው፤ ይህም የመጨረሻው ትርጓሜ ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ በተሠሩት ጎረቤት ቤቶች ዘንድ በግልጥ ይነበባል።

በነገራችን ላይ፣ ዶርዜ በሚገኝበት በጋሞ አገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚፈጽሙበት ዱቡሻ ግድግዳም ጣራም የለውም፤ ቢሆንም በኔ አስተያየት ከብዙ አዳራሽ ይልቅ ሥነ ሕንፃ ነውና ተማሪው በልኬቱ ውስጥ ሳያስገባው እንዳይቀር እመክራለሁ።

የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው ብዬ አንባቢን አላታልልም፤ ለዳኞቹ ቀርቦ፣ ተጨብጭቦለት፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው ይበዛል። ተማሪው ግን ጽሑፉን ጨርሶ፣ ለባለቤቱ ቅጂ ሊያደርስ፣ ቤቱ ያለበትን ቦታ በሜትር ለክቶ ያመለከተበትን ካርታ ይዞ ወደ ዶርዜ ቢመለስ ሌላ ነገር ይገጥመው ይሆናል፤ ይህ ቤት እንደ ቅርጫት ነውና፣ ከሥሩ ረጃጅም እንጨት ተሻግሮበት፣ ብዙ ጎልማሶች አንሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ይወስዱታል። በካርታው በተመለከተው ቦታ ላይ የቤቱን ክብ አሻራ፣ የምድጃ አመድና የበቀለ እንሰት ያገኛል፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ፣ ጥቂት አጥሮ፣ ጢሱን በሁለቱ ዓይኖቹ እያወጣ ቆሟል።