የደጋው ነፋስና ማሽኖቹ

ከመቀሌ በስተደቡብ አሸጎዳ ላይ የተተከሉት 84 የነፋስ ተርባይኖች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። 54ቱ የአልስቶም ኩባንያ የሠራቸው ባለ ሦስት ክንፍ ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው አቅም 1.67 ሜጋዋት ነው። የቀሩት 30 ቬርኜ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራቸው፣ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታዩ ባለ ሁለት ክንፍ ማሽኖች ናቸው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው ጣቢያ አቅሙ በድምሩ 120 ሜጋዋት ነው።

ክንፉ ሁለት ብቻ የሆነበት ምክንያት አለው። ቬርኜ ስሙን ያተረፈው አውሎ ነፋስ በሚበዛባቸውና ትልልቅ ክሬን በማይገኝባቸው ደሴቶች ሲሆን፣ አነስተኛ ተርባይኖቹ ማዕበል ሲመጣ ወደ መሬት ዝቅ ይደረጋሉ። ከሦስት ክንፍ ሁለቱ ይቀላል፤ ለማጓጓዝም ለማንሳትም ይመቻል። ጉድለቱ ሚዛኑ ላይ ነው። ሁለቱ ክንፎች ሽቅብ ቁልቁል ሲቆሙና ወደ ጎን ሲጋደሙ በዘንጉ ላይ የሚያርፈው ጫና ስለሚለዋወጥ ማሽኑ ይናወጣል። ባለ ሦስት ክንፉ ዓለምን የያዘው በዚህ ረገድ የተረጋጋ በመሆኑ ነው።

አዳማ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከውጭ አይታይም። ከአሸጎዳ ቀድሞ የተጠናቀቀው አዳማ አንድ የተባለው ጣቢያ 34 የጎልድዊንድ ኩባንያ ተርባይኖች አሉት፤ አንዱ 1.5 ሜጋዋት ነው። የተለመደው ተርባይን በደቂቃ ሃያ ዙር እንኳ የማይሞላውን የክንፉን ዙር በካምቢዮ አባዝቶ ከ1000 በላይ ካደረሰው በኋላ ለጄኔሬተሩ ያቀብላል። የጎልድዊንዱ ግን ካምቢዮ የለውም። ክንፉ ራሱ በቋሚ ማግኔት የሚሠራውን ትልቅ ጄኔሬተር በቀጥታ ያዞረዋል። ካምቢዮ ሲበላሽ ጥገናው ከባድና ውድ ስለሆነ፣ መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

እስከዚህ ያለው ስለ ማሽኑ ነው። ነፋሱስ?

የነፋስ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ደጋ ላይ ነፋሱ ፈጣን ቢሆንም አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚቀንስ ኃይሉም በዚያው መጠን ይጎድላል። ይህን ጉድለት የሚያካክሰው አንዱ መንገድ ክንፉን ማርዘም ነው። አዲሶቹ ንድፎችም የሄዱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። የአዳማ አንድ ተርባይን ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ 77 ሜትር ስፋት አለው። በዴንማርክ ድጋፍ ለአሰላ ፕሮጀክት የተመረጠው የሲመንስ ጋሜሳ ተርባይን ግን 132 ሜትር ይደርሳል። አቅሙ ከሁለት እጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነፋስ የሚቀበልበት የክቡ ቆዳ ስፋት ግን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ 100 ሜጋዋት ለማቆም 29 ተርባይን ብቻ በቃ።

ባሕር ላይ ለሚተከሉት የመጠን ገደቡ ሰፊ ነው። የቬስታስ 15 ሜጋዋት ተርባይን አንዱ ክንፍ 115.5 ሜትር ይረዝማል። በስኮትላንድ ባሕር ላይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ተርባይኖች ከወለሉ ጋር በሰንሰለት ታስረው እየተንሳፈፉ ያመነጫሉ። ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣው ክንፍ ግን ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭኖ ጠመዝማዛውን ዳገት መውጣት አለበት። ስለዚህ ለእኛ ከግዙፎቹ ይልቅ የሚያጓጓው፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እንደሠራው ያለ፣ በሁለት ቁራጭ ተጓጉዞ ቦታው ላይ የሚገጣጠም ክንፍ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አቅም 5150 ሜጋዋት ነው። ከዚህ አንጻር የነፋሱ ድርሻ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በእነዚህ ደጋዎች ነፋሱ የሚበረታው ዝናብ በሌለበት በበጋ፣ የግድቦች ውኃ በሚጎድልበት ወቅት ነው። ተርባይኑ በዞረ ቁጥር ግድቡ ውኃውን ለማታና ለነገ ያቆያል። እንግዲህ ቀጣዩን ጨረታ የሚያወጡ ባለሙያዎች ከሜጋዋቱ እኩል የክንፉን ርዝመትና በበጋ ወራት የሚጠበቀውን ምርት አጥብቀው ይጠይቁ።