መሬት ከመሸጣችን በፊት፦ ስለ ሳንባ ካንሰር አዲሱ ሕክምና

 

በሌሞና በሆሳዕና ያሉ ቤተሰቦች፣ «የሳንባ ካንሰር የያዘውን አባታችንን ኢሙኖቴራፒ በሚባለው አዲስ መድኃኒት ለማሳከም የእንሰት ማሳችንን እንሽጥ ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ ሕክምናውን ከማወቅ ይጀምራል።

አላህ (ሱ.ወ) በደማችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ነጭ ሴሎችን አኑሯል። እነዚህ ወታደሮች ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚገታቸው እንደ መኪና ያለ ፍሬን አላቸው። ካንሰሩም ይህንኑ ፍሬን ረግጦ ወታደሩን ያስቆመዋል። መድኃኒቱ ካንሰሩን ራሱ አይገድልም፤ ፍሬኑን ያስለቅቃል እንጂ። በዚህ መንገድ ካንሰርን ማከም እንደሚቻል ያሳዩት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኒቮሉማብና ፔምብሮሊዙማብ የተባሉት መድኃኒቶች በአሜሪካ ለሳንባ ካንሰር የተፈቀዱት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ሆኖም ለሁሉም አይሠራም። አንዳንዱ በሽተኛ ለዓመታት ሲታገስለት ብዙዎች ግን ለውጥ አያዩበትም። ፍሬኑ የተለቀቀው ወታደርም ጤነኛውን ሳንባ፣ አንጀትና እንቅርት ሊያጠቃ ይችላል።

ስለዚህ ከመሸጥ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ዓይነቱ ታውቋል ወይ? ለአንዳንዱ ዓይነት የሚዋጥ እንክብል ይሻላልና። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ የሚጠበቅበት ፈውስ ነው ወይስ ዕድሜ ማራዘም? ሦስተኛ፣ በየጥቂት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያለውን ወጪ እንችላለን ወይ?

መታከም ሰበብ ማድረስ ነው፤ ነቢያችንም (ሶ.ዐ.ወ) መድኃኒት እንድንፈልግ አስተምረውናል። ከአቅም በላይ የሆነው ግን ግዴታ አይደለም። ጠይቆና መክሮ ያልሸጠ ልጅ አባቱን እንደ ከዳ አይቆጠር። ሕመምን ማስታገስም ሕክምና ነው፤ ማስታመምም ዒባዳ ነው።

በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር ቶሎ መሄድ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ ጥቁር አዝሙድና ማር ብቻ ይዘን አንቀመጥ፤ ሆሳዕና ያለው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ሳሉ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒቱ ካላሻለው ተመልሰን እንመርመር። ሲጋራን እንተው፤ የማድቤቱንም ጭስ መውጫ እናብጅለት።

አላህ ለታመሙት ሺፋን፣ ለአስታማሚዎች ሶብርን ይስጥልን። አሚን።