ተንቀሳቃሽ የልብ ምት መዝጋቢና የአስመጪው ድርሻ

በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ፣ የአገር ልብስ ከሚሸጡት ነጋዴዎች አንዱ ሌሊት ልቡ ያለ ሥርዓት ሲመታ ተሰምቶት ነቃ እንበል። ምቱ ሩብ ሰዓት ያህል ተዛብቶ ቆየና ጸጥ አለ። ጧት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቢመረመር አንዳች ጉድለት አልታየም። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ተራው የልብ ምርመራ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው የ10 ሰከንድ ያህል ምት ብቻ ሲሆን፣ የሰው ልብ ግን በቀንና በሌሊት 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል።

ይህን ችግር የሚያቃልለው መሣሪያ በፈልሳፊው በአሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ስም «ሆልተር» ይባላል። በ1949 እ.ኤ.አ. በጀርባ ተይዞ የተሞከረው የመጀመሪያው መሣሪያ 38 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ከአንድ ኩንታል ሲሶ የሚበልጥ ሸክም ስለሆነ ለታማሚ ቀርቶ ለጤነኛም የሚመች አልነበረም። የዛሬው በኪስ ይያዛል። በደረት ላይ ከተለጠፉ ትንንሽ ልጥፎች የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት እየተቀበለ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይመዘግባል፤ ገመድ አልባ የሆኑት አንዳንዶቹ እስከ 14 ቀን ይቆያሉ። ታማሚው ሥራውን ሳይተው ሕመሙ የተሰማውን ሰዓት በማስታወሻ ይጽፋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ታማሚው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ የጻፈው በመሣሪያው ሰዓት 3 ነውና፣ ልዩነቱን ያላስተዋለ አንባቢ ሕመሙን ያለ ጊዜው ይፈልጋል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በተባለው የምት መዛባት የልብ የላይኛው ክፍሎች ስለሚንቀጠቀጡ ደም በዚያ ይረጋል፤ የረጋውም ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውን ሽባ ያደርጋል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ የተደረገው ታዋቂ ጥናት ይህ መዛባት አደጋውን 5 እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ፣ ከሩማቲክ የልብ ሕመም ጋር ሲሆን ደግሞ ወደ 17 እጥፍ እንደሚያደርሰው አሳይቷል። ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃ ነው። መዛባቱ በጊዜ ከታወቀ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት አለ።

ወደ ንግዱ ስንመለስ፣ አስመጪው ሊያስብበት የሚገባው ከሣጥኑ ይልቅ ተከታዩ ዕቃ ነው። ልጥፎቹ ለእያንዳንዱ ታማሚ አዲስ መሆን አለባቸው። ያላቸው ቅባት ስለሚደርቅ የአገልግሎት ጊዜያቸው የተወሰነ ነው፤ ከረጢቱ ከተከፈተ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ በመጋዘን ለብዙ ዓመት የሚበቃ ማከማቸት ኪሳራ ነው፤ ጥቂት በጥቂት ማስመጣት ይሻላል። ገመዶቹም በመተጣጠፍ ቶሎ ስለሚበጠሱ መለዋወጫቸው ከመሣሪያው ጋር ይታዘዝ። መዝገቡን የሚተነትነው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በየዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ ይጠይቅ እንደሆነ ውል ሳይፈረም መጠየቅ ይገባል፤ ይህን የዘነጋ ገዢ የማይነበብ መዝገብ ይዞ ይቀራል። ፕሮግራሙ ምልክት ቢሰጥም የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሐኪሙ ነው።

ባለሱቆች ስለሚሸጡት የእጅ ሰዓት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው በብርሃን የደም ሥር ምት ይቆጥራል እንጂ የልብን ኤሌክትሪክ አይመዘግብም። ጣት ሲያርፍበት ለ30 ሰከንድ የሚመዘግበውም ዓይነት ቢሆን መዛባትን ሊያስጠረጥር ይችላል እንጂ ድንገተኛ የልብ ሕመምን አይለይም። ደረቱን ለሚያመው ገዢ ሰዓት መሸጥ ሳይሆን ሆስፒታል ማመልከት ይገባል።

የሕክምና መሣሪያ ለማስገባት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልጋል። ለመንግሥት ሆስፒታሎች መሣሪያ የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው በጉለሌ፣ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ይገኛል።