ማታ ማታ ስንት ሰዓት ታጠናለህ? የጥናት መጠይቅ እንዴት ይሠራል

«ማታ ማታ ስንት ሰዓት ታጠናለህ?» የሚል ጥያቄ ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ በወረቀት ተበተነ እንበል። አንዱ «2» ብሎ ይጽፋል፤ ጎኑ የተቀመጠውም «2»። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ሙሉ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ የሚያመሽ ልጅ ነው። ሁለተኛው እራት ተበልቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተር ይገልጣል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው እንቅልፍ ይጥለዋል። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለቱም ያው «2» ናቸው። አማካይ ይሰላል፣ ሠንጠረዥ ይሠራል፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ አራት ይጻፋል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ደግሞ መጀመሪያውኑ በ«ታጠናለህ» አልተጠየቁም።

መጠይቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጥያቄ መጻፍ የሚያቅተው ማን አለ? ችግሩ የሚመጣው የሚለካው ነገር በዓይን የማይታይ ሲሆን ነው። የንባብ ፍቅር ወይም የሒሳብ ፍርሃት በሜትር አይለካም። ስለዚህ ተመራማሪው የማይታየውን ወደሚታዩ ምልክቶች ይመነዝረዋል። ማንበብ የሚወድ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ምን ያደርጋል? መጽሐፉ መሐል ላይ ሲቋረጥበት ምን ይሰማዋል? ከየምልክቱ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይወጣል፤ መላሹም ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ካሉት አምስት አማራጮች አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህን ዘዴ በ1932 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሬንሲስ ሊከርት ነው። ሊከርት የሚያየው ድምሩን ነው፤ አንዷ ጥያቄ ብትስት ሌሎቹ ያቃኗታል። ዐረፍተ ነገሮቹን «ደስ ይለኛል»፣ «እፈራለሁ» እያሉ በመላሹ አንደበት መጻፍ የአንተን፣ የአንቺንና የእርስዎን ጣጣ ያስቀራል።

«መምህሬ በደንብ ያስተምራል፣ ተማሪዎቹንም ያከብራል» የሚል ጥያቄ በየመጠይቁ አይጠፋም። መምህሩ ጎበዝ ግን ተሳዳቢ የሆነበት ልጅ የቱ ላይ ምልክት ያድርግ? ለሁለት መክፈል ነው። ከዚህ የሚብሰው አሉታ ነው። መላሹ ሳያነብ ሁሉም ላይ «እስማማለሁ» እንዳይል ተብሎ አንዳንዱ ጥያቄ ተገልብጦ ይጻፋል። «ትምህርት ቤት መሄድ አያስደስተኝም» ሲባል፣ መሄድ የሚወደው ልጅ «አልስማማም» ማለት ይኖርበታል፤ አሉታ በአሉታ ላይ። ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ያወጣው ዝነኛ የራስ ግምት መለኪያ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ አምስቱ በአዎንታ፣ አምስቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸው። በብዙ ጥናቶች ላይ አሉታዎቹ ለብቻቸው ተቧድነው ተገኝተዋል፤ የጥያቄው አጻጻፍ ራሱ መልሱን ስቦታል ማለት ነው። እኔ ለልጆች አሉታ ባይጻፍ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነም ነጥቡ ሲሞላ 5ቱን 1፣ 4ቱን 2 እያደረጉ መገልበጥ እንዳይዘነጋ።

ከእንግሊዝኛ የሚመጣ መጠይቅ የራሱ ጉድ አለው። በተለመደው አሠራር አንዱ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ይመሳከራሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ቃል በቃል የተተረጎመ፣ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የማይለው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ አምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይመለሳል። ፈተናውን በማዕረግ አልፎ ልጁ እጅ ሲገባ ግን አይነበብም።

ቀጥሎ ባለሙያዎች ይጠየቃሉ፤ ዲፓርትመንት ውስጥ ቡና ሲጠጡ የተገኙ ሁለት ጓደኞች ሳይሆኑ፣ ጉዳዩን የሚያውቁ። ሎሺ የተባለ ተመራማሪ በ1975 ያቀረበው ስሌት እያንዳንዱን ጥያቄ «የግድ አስፈላጊ ነው?» እያለ ያስመርጣል። ከአሥር ባለሙያ ስምንቱ አዎ ካሉ ከግማሹ በላይ የሆኑት ሦስቱ ለአምስት ይካፈላሉ፤ 0.6 ይመጣል። ለአሥር ሰው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 0.62 ስለሆነ ጥያቄው ለጥቂት ይወድቃል።

ብዙ ተማሪ የሚዘለው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ከሚጠኑት ጋር የሚመሳሰሉ ጥቂት ልጆችን አንድ በአንድ አጠገብ አስቀምጦ፣ «እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው። ምን የተጠየቅክ መሰለህ? ይህን ስትመርጥ ምን እያሰብክ ነበር?» ማለት ነው። «መጽሐፍ ማንበብ ያስደስተኛል» የሚለውን ሲያነብ ልጁ «የባዮሎጂውን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በእሱ ዓለም መጽሐፍ ማለት መማሪያ መጽሐፍ ነው። «ቤተ መጻሕፍት አዘወትራለሁ» የሚለው ላይ ደግሞ «የኛ እኮ ዝግ ነው» ሊል ይችላል። ያኔ ጥያቄው ሲለካ የነበረው ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው። «ስንት ሰዓት» የሚለውም እዚሁ ይያዛል፤ «ለምን ያህል ጊዜ» ተብሎ፣ ከሥሩ «30 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት» የሚሉ አማራጮች ተደርድረው ይስተካከላል።

ከዚያ ፓይለቱ ይመጣል፤ መጠይቁ ዋናው ጥናት ውስጥ በማይገቡ ተማሪዎች ላይ ይሞከራል። እዚህ ጋ ሁሉም የሚጠብቀው ክሮንባክ አልፋን ነው። ሊ ክሮንባክ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ የታወቀው ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ አብረው መውጣት መውረዳቸውን ይነግራል። 0.70 ከደረሰ አድቫይዘሩ ፈገግ ይላል። ፈገግታው ግን አንዳንዴ ይቸኩላል። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና በአማካይ 0.2 ብቻ ይሁን፤ ደካማ ነው። አምስት ጥያቄ ቢኖር አልፋው 0.56 ገደማ ይሆናል። በዚያው ደካማ ዝምድና ጥያቄዎቹን ሃያ ቢያደርጓቸው 0.83 ይገባል። የተለወጠው የወረቀቱ ርዝመት ብቻ ነው። አንዱን ጥያቄ በአራት አባባል ደጋግሞ መጠየቅም ቁጥሩን ያሳምራል።

ስሩ ወደ ውስጥ የጎበጠ ጣሳ ሁሌም እኩል ይሰፍራል፤ ሁሌም ግን ያጎድላል። እኩል መስፈሩ አስተማማኝነት ነው፤ ልክ መስፈሩ፣ ማለትም መጠይቁ እለካለሁ ያለውን ነገር መለካቱ፣ ተገቢነት ነው። አልፋ የሚመሰክረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው በብዙ ማስረጃ ይሰበሰባል፤ ለምሳሌ ማንበብ እወዳለሁ ያሉት ልጆች በርግጥ መጽሐፍ ሲዋሱ ይታያሉ ወይ?

ትርጉም የሚያመጣው የተገቢነት ጥያቄ በሥዕል ፈተና ላይም አይቀርም። በ1959 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ የቃላት ፈተና አለ፤ ልጁ ቃል ይሰማና ከአራት ሥዕሎች አንዱን ይጠቁማል። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ሲከታተል የኖረው ጥናት ይህን ፈተና በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛም ሰጥቷል። ቃላቱ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ ናቸው፤ ሲተረጎሙ ግን ድርድሩ ይፈርሳል፤ አንዱ ቋንቋ ላይ ብርቅ የሆነው ቃል ሌላው ላይ የጓዳ ቃል ነው። ተመራማሪዎቹ መልሶቹን ጥያቄ በጥያቄ መርምረው ከሌሎቹ ጋር የማይሄዱትን አወጡ፤ በተለያየ ቋንቋ የተፈተኑ ልጆችን ነጥብ ማወዳደርም ጥንቃቄ እንደሚሻ አስጠነቀቁ።

ይህ ሁሉ አልቆ ወረቀቱን የሚያድለው ማነው? ስለ መምህሩ የሚጠይቅ መጠይቅ በራሱ በመምህሩ እጅ ከታደለ፣ ይሉኝታም ፍርሃትም ገብቶበት መልሱ ሁሉ «በጣም እስማማለሁ» ይሆናል። ሌላ ሰው ያድለው፤ መምህሩም ከክፍል ይውጣ። ስም አይጻፍበት። የእጅ ጽሑፍም ሰውን ያስለያልና መልሱ ምልክት ብቻ ይሁን፤ ልጆቹም ራሳቸው አጥፈው የታሸገ ካርቶን ውስጥ ይክተቱት።