የአጥንት ጥንካሬ በምን ይታወቃል?

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በደጃፋቸው አዳልጧቸው ይወድቁና የእጃቸው አንጓ ይሰበራል። ወጌሻ ይጠራል፤ አጥንቱም ታስሮ ይጠገናል። ቤተ ሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ነገሩን በዚሁ ይዘጋዋል። ነገር ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል፤ ይኸውም አጥንቱ በዚህን ያህል ቀላል አወዳደቅ ስለ ምን ተሰበረ? የሚለው ነው።

ምስጥ የበላው ምሰሶ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። የአጥንት መሳሳት የሚባለው በሽታም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ ሕመም አይሰጥም። አጥንት ዘወትር አሮጌው ክፍል እየፈረሰ በምትኩ አዲስ ይሠራል። ዕድሜ ሲገፋ ግን፣ ይልቁንም በሴቶች የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ፣ ከሚሠራው የሚፈርሰው ይበልጣል። በዚህን ጊዜ እንደ ማር እንጀራ የተያያዘው የአጥንቱ የውስጥ ክፍል ግድግዳው ይሳሳል፤ ከቦታ ቦታም ይበጠሳል።

ሐኪሞች ይህን የሚመረምሩበት መሣሪያ ዴክሳ ይባላል። ኃይላቸው የተለያየ ሁለት የራጅ ጨረሮች በወገብ አከርካሪና በዳሌ በኩል አሳልፎ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ማዕድን ይለካል። ውጤቱም ከጤነኛ ወጣቶች አማካይ ልክ ጋር ተነጻጽሮ ቲ-ነጥብ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1994 ባወጣው ወሰን መሠረት፣ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያም ያነሰ ሲሆን የአጥንት መሳሳት አለ ይባላል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። መሣሪያው የማዕድኑን መጠን እንጂ የአጥንቱን የውስጥ አሠራር በሙሉ አያሳይም፤ ከወሰኑ ያልደረሱ ብዙ ሰዎችም አጥንታቸው ይሰበራል። ስለዚህ በ2008 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፍራክስ የተባለ ስሌት ወጣ። ይህም ዕድሜን፣ ጾታን፣ ክብደትንና ቁመትን፣ ቀድሞ የደረሰን ስብራት፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ሲጋራንና የአልኮል መጠጥን፣ እነዚህንም የመሳሰሉትን ጠይቆ በሚመጡት 10 ዓመታት አጥንት የመሰበሩን ዕድል ይገምታል። የዴክሳ ውጤት ባይኖርም ሊሠራበት ይቻላል።

መሣሪያው በቅርብ የሌለው ሰው የሚከተሉትን ምልክቶች ይመልከት።

1ኛ. ከቆሙበት በመውደቅ ብቻ አጥንት መሰበር፤
2ኛ. ቁመት ከወጣትነት ጊዜው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ማጠር፤
3ኛ. ተረከዝንና ጀርባን ከግድግዳ አስጠግተው ቀጥ ብለው ሲቆሙ የጭንቅላት ኋላ ግድግዳውን አለመንካት።

የኋለኞቹ ሁለቱ የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ መሰበሩን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ከሦስቱ አንዱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል። አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው ዳግመኛ የመሰበሩ ዕድል ከፍ ያለ ነውና። ሁለተኛው የዳሌ ስብራት የሆነ እንደሆነ ብዙ አረጋውያን እንደ ቀድሞው መራመድ ይሳናቸዋል። በሽታው በጊዜ ከታወቀ ግን ስብራትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ ተማሪዎቻችሁ የአያቶቻቸውን ቁመት በየዓመቱ ለክተው በደብተር እንዲጽፉ ብታደርጉ፣ ወጪ የሌለው ታላቅ ምርመራ አስተማራችሁ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አጥንትም ሳይሰበር ይጠየቅ።