ያለ መዶሻ የሚፈታው ፑለር

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ አዲስ ጤፍ ገበያ ሲገባ ወፍጮ ቤት ፋታ የለውም። ዱቄት ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ ኩሽኔታው ውስጥ ዘልቆ ግራሶውን ያበላሸዋል። ኩሽኔታው አንዴ መጮህ ከጀመረ ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። ከባዱ ሥራ ማውጣቱ ነው። የኩሽኔታው ቀዳዳ ከአልቤሮው፣ ማለትም ከተሰካበት ዘንግ፣ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ጠበብ ተደርጎ ስለሚሠራ ጥርቅም ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ መዶሻና ወደ ፌሮ ቁራጭ ነው። በአንድ ወገን ሲመታ ግን ኩሽኔታው ይንጋደድና አልቤሮውን ይነክሰዋል። የተፋቀ አልቤሮ ላይ አዲስ ኩሽኔታ ይላላል፤ ከዚያ በብየዳ አስሞልቶ ቶርኖ ቤት ወደ ልኩ ማስመለስ ሊኖር ነው። ወፍጮው እስከዚያ ቆሞ ይውላል፤ እህሉን ተሸክሞ የመጣውም ሰው ይመለሳል።

ኩሽኔታ ስቦ የሚያወጣው መሣሪያ፣ ፑለር፣ ይህን ሁሉ ያስቀራል። መሐሉ ላይ ረጅም ብሎን፣ ዙሪያውን ሁለት ወይም ሦስት ጥፍሮች አሉት፤ ሦስት ጥፍር ያለው ሲጎትት ብዙም አይንጋደድም። ጥፍሮቹ ከኩሽኔታው ኋላ የውስጠኛውን ቀለበት ይይዛሉ። የውጪውን ቀለበት ከያዙ ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ፣ ደህና የነበረው ኩሽኔታ እንኳ ይሰረጉዳል። የብሎኑ ጫፍ በአልቤሮው መሐል ያርፋል። መጀመሪያ በእጅ ይጠብቃል፤ ቀጥ ማለቱ ይታያል፤ ከዚያ በመፍቻ። በጥርሶቹ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያለው ብሎን አንድ ዙር ዞሮ ያንኑ 2 ሚሊ ሜትር ሲገፋ፣ የ25 ሴንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ከ1.5 ሜትር በላይ ይጓዛል። የእጅ ጉልበት የሚበዛው በዚህ ነው፤ ሰበቃ ብዙውን ስለሚበላ ጥርሱን ዘይት መቀባት ግድ ነው። እምቢ ካለ እንደተወጠረ ትቶ ትንሽ መጠበቅ ይሻላል። ሲለቅ ድንገት ነውና ፊት ለፊቱ መቆም አይገባም።

ሽጉጥ የሚጠግኑ ባለሙያዎችም ማነጣጠሪያ የሚቀይሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቦዩ ውስጥ የተወተፈውን ማነጣጠሪያ በብሎን ወደ ጎን ይገፉታል። ፊተኛውና ኋለኛው ማነጣጠሪያ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚራራቁበት ሽጉጥ፣ አንዱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ቢል ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይዛነፋል። እንዲህ ያለውን ልክ መዶሻ አያውቀውም።

ወፍጮ ቤት ሁሉ የራሱ ፑለር ቢኖረው እመኛለሁ። አሮጌው ኩሽኔታ ሳይደቀደቅ ሲወጣ ቁጥሩም ይነበባል፦ 6205 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ 25 ሚሊ ሜትር፣ የአልቤሮው ውፍረት ነው። ሱቅ የሚኬደው ያንን ቁጥር ይዞ ነው።