ስድስት አነስተኛ ማመንጫዎች በአንድ መስመር

በኔፓል ተራራማ ክፍል በሚገኘው የባግሉንግ አውራጃ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ስድስት አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ተሠርተው ነበር። የእያንዳንዱ ባለቤት የየመንደሩ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። ትንሹ 9 ኪሎዋት፣ ትልቁ 26 ኪሎዋት የሚያመነጭ ሲሆን፣ የስድስቱ ድምር 107 ኪሎዋት ይደርሳል።

ለየብቻቸው ሲሠሩ ማታ መብራት ሁሉ በሚበራበት ሰዓት ኃይል ያጥራል፤ እኩለ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ይተርፋል። እንዲህ ያለ ማመንጫ ትርፉን የሚያስቀምጥበት ጎተራ የለውም። ወንዙ አይቆምምና፣ የተርባይኑ ፍጥነት እንዳይዛባ ሲባል ፈላጊ ያጣው ኃይል በመቆጣጠሪያ አማካይነት ወደ ማሞቂያ ተልኮ በከንቱ ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱ መንደር ትርፉን ሲያቃጥል የጎረቤቱ ወፍጮ ኃይል አጥቶ ሊቆም ይችላል።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ስድስቱ 8 ኪሎሜትር ገደማ በሚሆን የ11,000 ቮልት መስመር ተያያዙ። ቮልቱ ከፍ እንዲል የተደረገበት ምክንያት መታወቅ አለበት። 20 ኪሎዋት በ400 ቮልት ሲላክ በሽቦው ውስጥ 29 አምፔር ያህል ያልፋል፤ በ11,000 ቮልት ግን 1 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚሁ ስሌት፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ ብክነቱ ከ750 ጊዜ በላይ ያንሳል ማለት ነው። ትራንስፎርመሮችም ሥራ ባይኖራቸው እንኳ የራሳቸውን ድርሻ ሌት ተቀን ስለሚበሉ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ትራንስፎርመር መግዛት ኪሳራ ነው።

ሽቦ መዘርጋቱ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። «የእኛ ማመንጫ ትልቅ ነው፤ ለምን ሌላውን እንመግባለን?» የሚል አባል በማንኛውም ማኅበር ውስጥ ይኖራል። በባግሉንግ ለዚህ የተገኘው መልስ የኅብረት ሥራ ማኅበር ማቋቋም ነው፤ ይኸውም ማኅበሩ ከስድስቱ ኃይል ይገዛ፣ ለየመንደሩም መልሶ ይሸጥ ነበር። በዚህ አሠራር ዳኛው ቆጣሪ ነው። ኦፕሬተሮቹም ተስማምተው መሥራት ይኖርባቸዋል። ከመስመሩ ጋር እኩል ሳይሽከረከር የተያያዘ ጄኔሬተር ሊሰበር ይችላልና።

ሌላው ጉዳይ የዋናው መስመር መምጣት ነው። በኔፓል ብዙ አነስተኛ ማመንጫዎች የመንግሥት መስመር ወደ መንደራቸው ሲደርስ ተትተዋል። በ2018 ግን በኑዋኮት አውራጃ የሚገኝ 23 ኪሎዋት የሚያመነጭ የመንደር ማመንጫ ከብሔራዊው መስመር ጋር ተያይዟል። ከሩቅ በሚመጣ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለ መንደር የሚፈልገውን ኃይል ከቅርቡ ማግኘቱ፣ በመንገድ የሚባክነውን ይቀንሳል።

በወንዝ የሚሠራ ማመንጫ ያላችሁ ማኅበራት፣ መስመሩ ሳይደርስ ከኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ ጋር መነጋገር ይኖርባችኋል። የመሸጫው ዋጋ ስንት ነው? ቆጣሪው በማን ወጪ ይተከላል? በተለይም ዋናው መስመር ሲቋረጥ ማመንጫው ወዲያውኑ በራሱ የሚለያይበት መሣሪያ ይገጠም እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ፣ ኃይል ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ጠጋኝ የእናንተው ማመንጫ ሊገድለው ይችላል።